ሳንቲም የማይለየው ቀኝና ግራ

ተመረጥኩ! ትናንት ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የመጣሁት በእግሬ ይሁን በክንፍ አላውቅም። የሒሳብ መምህራችን፣ አብላ ነው የምንላት፣ ክፍሉ ፊት ስሜን ጠርታ «ቅዳሜ ይህን ትምህርት ለሁላችሁም የምታስረዳችሁ ሩቅያ ናት» አለች። ሩቅያ እኔ ነኝ። ከዚያ ሁሉ ልጅ መሀል እኔ! አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ በክርኗ ጎሸም አድርጋ «ወላሂ አንቺ ጠንቋይ ነሽ» አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እቀየማት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። አብላ ዕድልን በቁጥር ስለመለካት ማስተማር ጀምራ፣ ገና ከማባዣው ማሽን የወጣ፣ ቁጥር የታጨቀበት ሰንጠረዥ አደለችን። «አሥር ሳንቲም ባንዴ ብትወረውሩ፣ አምስቱ በአንዱ ፊት፣ አምስቱ በሌላው ፊት የመውደቃቸው ዕድል ስንት ነው? ከሰንጠረዡ ፈልጋችሁ አውጡ» አለች። ሁሉም አጎንብሶ ይፈልጋል። እኔ ወረቀቱን ሳላየው «ከሺህ ሁለት መቶ አርባ ስድስት» አልኩ። አብላ ወረቀቷን አየች። እኔን አየች። እንደገና ወረቀቷን አየች።

«ማን አስተማረሽ?»

ምን ብዬ ልመልስላት? ከወረቀቱ የሚወጣው የማባዣ ቀለም ሽታ አፍንጫዬ ገብቶ፣ እኔ እኮ ያኔ ክፍል ውስጥ አልነበርኩም። መካ ነበርኩ። ዑተይቢያ ሰፈር፣ አክስቴ ዘሀራ ምንጣፍ ላይ።

ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ ያኔ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ወልዳ፣ ጅዳ ሩዋይስ ያለው ቤታችን በአራስ ጠያቂ ሲጨናነቅ፣ አባቴ በታክሲው ጭኖ መካ አክስቴ ዘሀራ ጋ አደረሰኝ። የሐጅ ሰሞን ነበር። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እኔ ሳልወለድ በፊት ተድራ መካ የገባች። በሐጅ ሰሞን ዓዚዚያ ሰፈር ለሚያርፉት ሐጃጆች ወጥ ትሠራለች። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ ከሥሩ ለስላሳ የሚሸጥ ባለሱቅ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ ሲከፈት ጢስስ የሚለው ድምፅ በመስኮት ይገባል። ሙቀቱ እንዲህ ነበር ብዬ አልነግራችሁም፤ እዚህ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ።

እዚያ ቤት ውስጥ ነው አጎቴ ይማም የነበረው። የእናቴና የአክስቴ ታናሽ ወንድም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ሲማር ቆይቶ፣ ጓደኞቹ አንድ በአንድ እየታፈሱ መታሰር ሲጀምሩ ትምህርቱን ትቶ በሱዳን በኩል የመጣ። ለሐጃጆቹ ምግብና ሻይ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ። ያን ሰሞን ግን ሳቁ ጠፍቶ ነበር።

ለምን እንደጠፋ የሰማሁት ምስር ስለቅም ነው። አክስቴና እሱ እኔ የማልሰማ ይመስል ያወሩ ነበር።

«ከሐጅ በኋላ ኸላስ፣ በቃ ብሎኛል» አለ ይማም። ካፊሉን ማለቱ ነው፤ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በስሙ የወጣለትን ሰውዬ።

«ኢቃማህንስ?»

«አያድስም።»

«እና ምን ልትሆን ነው?»

«ምን እሆናለሁ እትዬ? ተርሂል ነዋ።»

አክስቴ «ያ ረቢ» ብላ ራሷን ያዘች። እኔ ተርሂል የሰው ስም መሰለኝ። ከዚያ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር እየሮጥኩ በቀዳዳው አይ ነበር፤ ትልቅ፣ ፂማም፣ ቁልፍ በወገቡ ያንጠለጠለ ሰው እጠብቃለሁ። ተርሂል ማለት ሰብስቦ ወደመጡበት አገር መመለስ እንደሆነ የነገረችኝ አክስቴ ናት። ይማም ደግሞ ከዚያ አገር የሸሸው መታሰር ፈርቶ ነው። ይሄንንም ነገረችኝ፤ ከዚያ «ለማንም እንዳታወሪ» አለችኝ።

አንድ ተስፋ ብቻ ነበረ። ጅዳ ያለ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ጠርሙስ የሚመረምር ሰው ይፈልጋል። ሁሉን ጠርሙስ ከፍቶ ማየት ስለማይቻል፣ ሰውዬው አሥር አሥር እያወጣ ያይና ከዚያ በመነሳት ሙሉውን ጭነት ይለፍ ወይም ይመለስ ይላል። ፈተናው ከሐጅ በኋላ ነው። ያለፈ ሰው ኢቃማው ወደ ፋብሪካው ይዞርለታል። ለፈተናው ሰንጠረዥ ይሰጣል ተብሏል። ይማምም ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ በሸሚዙ ውስጥ አድርጎ ሱዳንን ያሻገረው አንድ የሰንጠረዥ ወረቀት አለው። በማባዣ የተባዛ፣ የላይኛው ጠርዙ በላብ ተበልቶ ያለቀ፣ ግን ሽታው ያልለቀቀ።

ወረቀቱን መጀመሪያ ሳየው ሒጃብ፣ ክታብ፣ መስሎኝ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ አንገቱ ላይ በቆዳ የተሰፋ አለው፤ አንዴ ተተርትሮ ውስጡን ሳይ እንዲህ በረድፍ በረድፍ ቁጥር ነበር የተጻፈበት።

«አጎቴ፣ ይሄ ከምን ይጠብቅሃል?»

«ከመሳሳት» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ በኋላ ረዳቱ ሆንኩ። ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ምንጣፉ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። አሥር ባለ ሃያ አምስት ሀለላ ሳንቲም የሻይ ብርጭቆ ውስጥ አስገብቶ ያንሿሿና ይደፋል።

«በእኛ አገር ዘውድ ወይስ ጎፈር ይባል ነበር» አለኝ።

«የታለ ዘውዱ?»

«ዘውዱንማ ደርግ አወረደው። አንቺ ዘንባባና ቁጥር በይ።»

የሳዑዲ ሳንቲም በአንድ ፊቱ ዘንባባና ሁለት ሰይፍ፣ በሌላው ቁጥር ነው። የእኔ ሥራ በየደፋነው ዘንባባ መቁጠር ነው። ሦስት ዘንባባ ከወጣ ሦስተኛው ቦታ ላይ አንድ የተምር ፍሬ አስቀምጣለሁ፤ ስድስት ከወጣ ስድስተኛው ቦታ ላይ። ምንም ዘንባባ ካልወጣ «ባዶ» የሚባል ቦታም አለ፤ ማንም አይጎበኘውም። ፍሬዎቹ ቀስ እያሉ ክምር ሠሩ፤ መሀሉ ላይ፣ አምስት ላይ፣ ከፍ ያለ፣ ወደ ዳር ዳር እየወረደ የሚሄድ፣ ልክ እንደ ግመል ጀርባ።

ከዚያ ወረቀቱን አንስቼ አነብለታለሁ። መጀመሪያ ተቸግሬ ነበር፤ በእኛ ትምህርት ቤት ክብ የሆነው ቁጥር አምስት ነው፣ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ናት፤ በእሱ ወረቀት ግን ክቡ ራሱ ዜሮ ነው። እሱን ካስለመደኝ በኋላ «ነጥቧን እርሺያትና ከሺህ ብለሽ አንብቢው» አለኝ። አነበብኩ። ባዶ ከሺህ አንድ፣ አንድ ዘንባባ አሥር፣ ሁለት አርባ አራት፣ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት፣ አራት ሁለት መቶ አምስት፣ አምስት ሁለት መቶ አርባ ስድስት። ከዚያ ቁጥሩ ይወርዳል። ወረቀቱም የግመል ጀርባ ነበረው!

ሳንቲሞቹ ለወረቀቱ ይታዘዛሉ ብዬ አመንኩ። ሌላ ምን ልበል? ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ወረቀቱ ባይኖርስ? አንድ ቀን ይማም ሳይኖር ወረቀቱን ጣሪያው ላይ ወስጄ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ በድንጋይ ጫንኩት። ወርጄ በሩን ዘጋሁና ሳንቲሙን ብቻዬን ደፋሁ፣ ደፋሁ፣ ደፋሁ። ግመሉ መጣ! ወረቀቱ በሌለበት! ለይማም ስነግረው ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ቁጭ አለና ትክ ብሎ አየኝ።

«ማን ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

«ማንም።»

«ሒሳብ ማለት እሱ ነው። አሁን ወረቀቴን ከጣሪያ አውርጂልኝ።»

ይሄ ሁሉ ሲሆን አክስቴ ዓዚዚያ ወጥ ላይ ነበረች። አንድ ቀን ግን ቀደም ብላ ድስቷን ተሸክማ ከች አለች። ብርጭቆው በይማም እጅ፣ ሳንቲሙ ምንጣፉ ላይ።

«አስተግፊሩላህ! በሐረሙ ደጃፍ ቁማር?»

«እትዬ፣ ቁማር እኮ አንዱ ሲያገኝ ሌላው ሲከስር ነው። እዚህ ማን ከሰረ?»

«ምንጣፌ ነዋ! ፍሬ በፍሬ አድርጋችሁት የለም እንዴ!»

«ለፈተናዬ ነው።»

«ለፈተናህ ከሆነ እንደ ሰው ቁጭ ብለህ አጥና። ጎረቤት ምን ይላል? የዘሀራ ወንድም በሐጅ ሰሞን ገንዘብ ሲያንቀጫቅጭ ይውላል ነው የሚለው። እዚህ ቤት ገንዘብ አይወረወርም። ኸላስ!»

ይማም ሳንቲሞቹን ለቀመ። ከዚያ በመስኮቱ የጠርሙሱ ጢስታ ገባ።

«ቆርኪስ እትዬ? ቆርኪ ገንዘብ ነው?»

አክስቴ ድስቷን አስቀመጠች። «ቆርኪ...» አለች ጥፋት እየፈለገች። አጣች። «ቆርኪ ቆሻሻ ነው። አጥባችሁ።»

ከባለሱቁ ቆርኪ ለምኜ አመጣሁና አጠብኩ። ቆርኪ እንደ ሳንቲም አይደለም። አንዱ ፊቱ ቀለም የተቀባ ልሙጥ፣ ሌላው ጎድጓዳና ጥርሳም ነው፤ ሁለቱም ፊት እኩል አይወድቅም። ስለዚህ አንድ ጁምዓ ሙሉ ጠባዩን ስናጠና ዋልን፤ ከአሥሩ ሦስት ያህሉ ብቻ የተቀባው ፊታቸው ወደ ላይ ይሆናል። ይማም ለእንዲህ ያለው ጠባይ የሚሆነውን ረድፍ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ አሰመረልኝ። «ነገ እኔ ዓዚዚያ ስውል አንቺ ቆርኪውን ደፊ፣ ፍሬውን ደርድሪ። ስመጣ ከወረቀቱ ጋር እናስተያያለን» አለኝ።

ደፋሁ። ደረደርኩ። ክምሩ ሦስት ላይ ከፍ አለ። ይማም እስኪመጣ መጠበቅ አቃተኝና ወረቀቱን አነሳሁ። ባዶ ዜሮ፣ አንድ ዜሮ፣ ሁለት አንድ፣ ሦስት ዘጠኝ... እያልኩ ስሄድ ትልቁ ቁጥር የመጣው ሰባት ላይ ነው። ሰባት! እኔ ጋ ሰባት ቦታ ላይ አንዲት ፍሬ እንኳ የለችም። እንደገና ደፋሁ። ቆርኪው በእምቢታው ጸና። ሳንቲምን እንዲያ በትክክል የተናገረ ወረቀት ቆርኪ ላይ ሲደርስ ምን ነካው? ጣሪያ ላይ ስለጫንኩት ተበላሽቶ ይሆን? ይማም ይሄንን ወረቀት አምኖ ነው ፈተና የሚገባው። ወረቀቱ ከተሳሳተ እሱ ይወድቃል፤ ከወደቀ ተርሂል።

ይማም ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«አጎቴ፣ ወረቀትህ ዋሽቷል።»

«ምን አለሽ?»

«ሰባት አለኝ። ቆርኪው ሦስት ነው የሚለው።»

ጫማውን ሳያወልቅ ደፉ ላይ ቁጭ አለ። «እስቲ እኔ እየሰማሁ አንብቢ።»

ጣቴን አሳረፍኩና «ባዶ፣ ዜሮ...» ከማለቴ «ቆይ» አለኝ። «ከየት ነው የጀመርሽው?»

«ከመጀመሪያው።»

«መጀመሪያው የቱ ጋ ነው?»

«ይሄ ነዋ!» አልኩት፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብዬ። ጣቴ የወረቀቱ ቀኝ ጫፍ ላይ ነበር። ሰንጠረዥ ከቀኝ ካልጀመረ ከየት ይጀምራል? በትምህርት ቤታችን መጽሐፍ ሁሉ ሰንጠረዥ የሚጀምረው ከቀኝ ነው።

ይማም ትከሻው ብቻ ሳይሆን መላ አካላቱ ተንቀጠቀጠ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ከኋላ ወደ ፊት ስታነቢልኝ ከርመሽ አንዴም አልተሳሳትሽም እኮ!» የሳንቲሙን ረድፍ አሳየኝ፤ ከቀኝ ብታነቡት አንድ፣ አሥር፣ አርባ አራት፤ ከግራ ብታነቡትም አንድ፣ አሥር፣ አርባ አራት። የግመሉ ጀርባ መሀል ላይ ስለሆነ ሳንቲም ቀኝና ግራ አያውቅም። ቆርኪ ግን ያውቃል፤ ጉብታው ወደ አንድ ጎን ነው። የተምር ፍሬዬንም ከቀኜ ጀምሬ ስደረድር ይማም አልነቃብኝም፤ ፊት ለፊቴ ስለሚቀመጥ የእኔ ቀኝ ለእሱ ግራው ነበርና።

እኔም መሳቅ ስጀምር እሱ አቆመ።

«ሩቄ፣ በዓረብኛ መጽሐፍ ሰንጠረዥ ሁሉ እንዲህ ነው? ሁልጊዜ?»

«አዎ።»

«የፈተናው ወረቀት...»

«በዓረብኛ ነው» አለች አክስቴ ከወጥ ቤት።

ይማም ዓረብኛ ማንበብ ከቁርዓን ቤት ያውቃል፤ ቁጥር ግን እጁም ዓይኑም የለመደው ከግራ ነው። ፈተናው ስለ ሳንቲም ሳይሆን ስለ ጠርሙስ ነው፤ የጠርሙስ ጉብታ ደግሞ ከቆርኪውም ይበልጥ ወደ ጎን ያዘነበለ ነው። ከአሥር ጠርሙስ አንድ ቢበላሽ ነው፤ ተገልብጦ ሲነበብ ዘጠኙ ተበላሸ ማለት ይሆናል። እንደዚያ ብሎ ሊጽፍ ነበር!

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪዋ እኔ ሆንኩ። ያንኑ ሰንጠረዥ በእኛ ቁጥር፣ ከቀኝ አስጀምሬ ጻፍኩለት። «ኡስታዛ» ይለኛል፣ ተኮፍሼ እቀመጣለሁ። ችግሩ ጣቱ ናት። ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር ጣቱ ሳያዛት ወደ ግራ ትሄዳለች። አክስቴ ማማሰያዋን ይዛ ከኋላው ቆማ ታየዋለች።

«በቀኝ!» ቷ! «ስትበላ በቀኝ አይደለም? ጫማ ስታጠልቅ በቀኝ አይደለም? መስጊድ ስትገባ በቀኝ አይደለም? ይሄ ቁጥር ምን ስለሆነ ነው በግራ የምትገባበት?»

«እትዬ ያማል!»

«ተርሂል ይበልጥ ያማል። ቢስሚላህ በልና ጀምር።»

የፈተናው ቀን ይማም ጎህ ሲቀድ ለጅዳ ተሳፈረ። አክስቴ ወጡን ሁለቴ ጨው ጨመረችበት፤ ገና ወደ አገራቸው ያልተመለሱት ሐጃጆች ያን ቀን ውኃ ሲጠጡ ነው የዋሉት። ከዐስር በኋላ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ሲወጣ አይቸኩልም፤ ክፉ ምልክት መሰለኝ። ገብቶ ቁጭ አለ። ውኃ ጠየቀ። አክስቴ ውኃውን ይዛ አልሰጠውም።

«መጀመሪያ ተናገር።»

«ጣቴ መጀመሪያ ግራ ላይ ሄዳ አረፈች» አለ። «የእትዬ ማማሰያ ትዝ አለኝና መለስኳት። ሁሉንም ሠራሁ። መሐንዲሱ እዚያው ፊቴ አረመው። ሲጨርስ ቀና ብሎ፣ ‹አራት ልጆች አሉኝ፤ ስንት ወንድ ስንት ሴት ይመስልሃል?› አለኝ።»

«ይሄማ ቁማር ነው!» አለች አክስቴ።

«‹ማወቅ አልችልም፤ ግን ገምት ካልከኝ ሦስት ለአንድ ናቸው› አልኩት። ‹ሁለት ለሁለት ለምን አላልክም?› አለኝ። ሁለት ለሁለት አራት ልጅ ካላቸው ሺህ ቤቶች በሦስት መቶ ሰባ አምስቱ ነው። ሦስት ለአንድ ግን ሦስት ሴትና አንድ ወንድም ይሆናል፣ ሦስት ወንድና አንድ ሴትም ይሆናል፤ ሁለቱ ተደምረው አምስት መቶ ናቸው አልኩት።»

«እሺ፣ እና?»

«ሦስት ሴትና አንድ ወንድ አሉት።» ይማም አሁን ገና ፈገግ አለ። «‹ፓስፖርትህንና ኢቃማህን ይዘህ ቅዳሜ ና› ብሎኛል።»

አክስቴ ልትል የነበረው እልልታ ነው፤ ጎረቤት ሐጃጆች ተኝተው ስለነበር አፏን በሻሿ አፈነችው፤ ውኃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። እኔ ይማም ጀርባ ላይ ተንጠለጠልኩ። እሱ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ ከጀርባው ሆኜ መለየት አልቻልኩም፤ ትከሻው ለሁለቱም አንድ ነው።

ከዚያ አክስቴ ዓይኗን ጠረገች። ግንባሯ ተቋጠረ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ነገር ልክ አይደለም። ሁለት ለሁለት ነው የሚበዛው።»

«እትዬ፣ ወላሂ...»

«አትማልብኝ! ይሄው ሕንፃችን።» ጣቷን ዘረጋች። «የሐሊማ ልጆች አራት ናቸው። ሦስት ወንድ፣ አንድ... ይሁን። ባለሱቁ ሁለት ሁለት! በል!»

«ቀጥይ እትዬ።»

«ከላይ ያሉት የመኖች... ሦስት ሴት... እሱን ተወው። ከጎናችን ያለችው...» ከጎናችን ያለችውን ልጆች ብዛት እርግጠኛ አልነበረችም። ነጠላዋን ደረበችና ልትጠይቅ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ በየፎቁ በር ስታንኳኳ ይሰማን ነበር።

አሁን እናንተን ልጋብዛችሁ። አጎቴ ይማም ትናንት መመረጤን ሲሰማ «ለአንባቢዎችሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ» ብሎኛል፤ መልእክቱን እነሆ አድርሻለሁ። በምትኖሩበት መንገድ ላይ ልክ አራት ልጆች ያሏቸውን ቤቶች ፈልጉ። ወንዱንና ሴቱን ለዩ። ከቀኝ ጀምራችሁም ይሁን ከግራ፣ ቁጠሩና ጁምዓ ከዐስር በኋላ ሩዋይስ ቤታችን ኑ። ሻይ አለ፣ ምንጣፉም ሰፊ ነው። ሁላችንም የቆጠርነውን አንድ ላይ እንደረድረዋለን፤ እኔ ራሴ ምን እንደሚወጣ ለማየት ቸኩያለሁ። ሁለት ለሁለት በዝቶ ያገኘ ካለ ደግሞ ቀደም ብሎ ይምጣ፤ አክስቴ ዘሀራ ከመካ መጥታ በሩ ላይ እየጠበቀችው ነው።